ሰማያዊውን ስትሪፕ ከኮርኒስ ማውረድ፦ የአንድ ሳሎን የምሽት ብርሃን የሥራ ማስታወሻ

መነሻው

ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኝ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ 3.5 በ3.5 ሜትር ሲሆን በአራቱም ግድግዳ 50 ሳንቲሜትር ወጣ ያለ የጂፕሰም ኮርኒስ አለው፤ ከጠርዙ ጀርባ ያለው የስትሪፕ መስመር ዙሪያውን 10 ሜትር ይመጣል። ተዘርግቶ የነበረው በከተማው ብዙ ሳሎኖች ውስጥ የሚታየው ዓይነት ነው፦ በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ሰማያዊ ስትሪፕ (ትናንሽ ኤልኢዲ አምፖሎች የተደረደሩበት ሪባን)፣ መሐል ጣሪያው ላይ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ዴይላይት የሚባለው 6500 ኬልቪን ፓኔል። ኬልቪን የነጭ ብርሃንን ቃና ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ፣ ሲያንስ ወደ ቢጫ ያደላል። የቤቱ ሰዎች ቅሬታ ግልጽ ነው። ሰማያዊው ብቻውን ሲበራ ክፍሉ ያምራል፣ ግን ማንም አርፎ አይቀመጥበትም። ፓኔሉ ሲበራ ልጆቹ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። ሁለቱ አብረው ሲበሩ ዓይን ይደክማል።

ቀይ ቁጣ ነው፣ ሰማያዊ መረጋጋት ነው፣ አረንጓዴ ሰላም ነው የሚለው ሰንጠረዥ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያትል በሚገኝ የባሕር ኃይል ማረሚያ ቤት አንድ ክፍል ሮዝ ተቀብቶ ቁጡ እስረኞችን ያበርዳል ተባለ፤ ቀለሙም በሁለት የማረሚያ ቤቱ መኮንኖች ስም ቤከር ሚለር ሮዝ ተብሎ ዓለም ላይ ተሰራጨ። ከዓመታት በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ በእስር ቤት፣ ጠበቅ ባለ ቁጥጥር ሲሞከር ግን የተባለው ውጤት አልተገኘም። እኛ የያዝነው መንገድ ሌላ ነው፦ ብርሃን ስሜትን የሚነካው ለሰውነት ሰዓት በሚነግረው ነገር፣ በመወዛወዙና በድምቀቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊት ለፊታችን የተቀመጠውን ሰው ፊት ምን አድርጎ በሚያሳየን ነው። ስለዚህ የሥራው ሕግ አንድ ነው፦ ቀለሙ ግድግዳ ላይ፣ ነጩ ሰው ላይ።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ከማውረድ በፊት ልኬት

ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መጠን) መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ማንበብ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን የሚፈለገው ዓይን ጋ የሚደርሰው ብርሃን ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለል 1.2 ሜትር ገደማ ይሆናል። መለኪያውን እዚያ ከፍታ ላይ፣ ሰውየው በሚያይበት አቅጣጫ አቁመን አነበብን። ፓኔሉ ብቻ ሲበራ 140 ሉክስ፤ ሰማያዊው ብቻ ሲበራ 4 ሉክስ።

4 ሉክስ ትንሽ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ሉክስ የሚለካው ዓይን ለማየት በሚጠቀምበት ሚዛን ሲሆን ያ ሚዛን ለሰማያዊ በጣም ዝቅተኛ ክብደት ይሰጣል። ሬቲና ውስጥ ግን ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለሰውነት ለመንገር የሚሠሩ፣ ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር የያዙ ሕዋሳት አሉ። እነሱ ከሁሉ በላይ የሚነቁት የሞገድ ርዝመቱ (ቀለሙን የሚወስነው) 480 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ብርሃን ነው። የተለመደ ሰማያዊ ኤልኢዲ ጫፉ 465 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በቀጥታ እነሱ ላይ ይወድቃል። መለኪያው 4 ብሎ ያነበበው ሰማያዊ ለእነዚህ ሕዋሳት የ40 ሉክስ የቀን ብርሃን ያህል ሊሆንባቸው ይችላል። ሉክስን ወደ እነዚህ ሕዋሳት ሚዛን የሚቀይረው ማባዣ ለ6500 ኬልቪን ኤልኢዲ ወደ 0.9 ይጠጋል፤ 140 ሉክሱ ከ120 በላይ ሆነ ማለት ነው። ለ2700 ኬልቪን ደግሞ ማባዣው ወደ 0.4 ይወርዳል።

ማነጻጸሪያ የምናደርገው እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡትን ምክር ነው፦ በዚሁ ሚዛን ቀን ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ቢበዛ 10፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ቢበዛ 1። ይህ ሳሎን በፓኔሉም በሰማያዊውም ከምሽቱ ወሰን እጅግ ያልፋል። ለእንቅልፍ እምቢታው ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገም።

ሁለተኛው ልኬት በመሣሪያ የሚሆን አይደለም። ሰማያዊው ብቻ በርቶ አንድ ሰሃን ዶሮ ወጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ወጡ ጥቁር ሆነ፤ ዘይቱና ቁሌቱ አይለይም። እንቁላሉ ሰማያዊ ጥላ ያዘ፣ እንጀራው አመድማ ሆነ። የበርበሬ ቀይ የሚመልሰው ከ600 ናኖሜትር ወዲያ ያለውን ብርሃን ነው፤ ስትሪፑ ከዚያ ምንም አይሰጥም፣ ስለዚህ የሚመለስ ነገር የለም። ከንፈርም እንዲሁ ነው፤ ደም ያለበት ሁሉ ይጠቁራል፣ ከዓይን በታች ያለው ጥላ ይጎላል። ሰው ሰውን በዚህ ብርሃን ሲያየው የታመመ ወይም የደከመ ይመስለዋል። ሰማያዊ ሳሎን ውስጥ ጨዋታ የማይደራው ለዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው መወዛወዝ ነው። በብርሃኑ ሥር ነጭ እርሳስ ይዞ ፈጠን አድርጎ ማወዛወዝ ይበቃል፦ እርሳሱ እንደ ወጥ ጥላ ከታየ ደህና ነው፤ እንደ ማራገቢያ ተነጣጥሎ ብዙ እርሳስ ከሆነ ብርሃኑ ይበራል ይጠፋል ማለት ነው። አሮጌው ስትሪፕ በደንብ ተነጣጠለ። በገመዱ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ሳጥን 220 ቮልቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ከመለወጥ በቀር አታለሰልስም፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብርሃኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ይጠፋል። አብዛኛው ሰው በዓይኑ አያየውም፣ ግን ራስ ምታትና የዓይን ድካም ሊያመጣ ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ዕቃ

ስትሪፑ 24 ቮልት አርጂቢደብሊው ነው፤ ከቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በተጨማሪ ራሱን የቻለ ነጭ መስመር ያለው። ነጩ 2700 ኬልቪን መሆን አለበት። ሦስቱን ቀለም ደባልቆ ነጭ ማውጣት ይቻላል የሚሉ ሻጮች አሉ፤ ይወጣል፣ ግን በቀለሞቹ መካከል ባዶ ስላለ ቆዳን ያበላሻል። በሜትር 60 አምፖልና 19.2 ዋት ያለውን መረጥን። 10 ሜትር 192 ዋት ነው፣ 8 አምፔር። ፓወር ሰፕላዩ 24 ቮልት 10 አምፔር ሆነ። ሁሉም ቀለም አንድ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚበራበት ጊዜ አይኖርም፤ ቢሆንም ለሙሉው ጭነት መዘጋጀት ግድ ነው፣ ፕሮግራሙ ሲሳሳት የሚቃጠለው ቤት ነውና። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ የተጻፈበትን አምፔር ላይሰጥ ይችላል፤ ጣሪያ ላይ ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ ሙሉ ጭነት አሸክሞ አንድ ሰዓት ማቆየትና ቮልቱ 24 አካባቢ መጽናቱን በቴስተር ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ፦ የአልሙኒየም ፕሮፋይል 10 ሜትር፣ ለጋራው ፖዘቲቭ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለቀለሞቹ 0.75፣ ለእያንዳንዱ 5 ሜትር አንድ አንድ ባለ 5 አምፔር ፊዩዝ፣ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ)፣ አራት አይአርኤልዜድ44ኤን ሞስፌት (የየቀለሙን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ)፣ አንድ 74ኤችሲቲ125 (የቦርዱን ምልክት ከፍ የሚያደርግ ቺፕ)፣ ከ24 ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ኤልኤም2596፣ ዲኤስ3231 ሰዓት ከባትሪው ጋር። ለምግብ ጠረጴዛው ደግሞ ተንጠልጣይ አምፖል፣ 2700 ኬልቪን፣ ሲአርአይ (ብርሃኑ ቀለሞችን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ) ከ90 በላይ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ 80 የሚል አምፖል ጥልቅ ቀይን በደንብ አያሳይም፤ በበርበሬና በሰው ፊት ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

እሁድ፦ ዝርጋታ

ብሬከሩ ወርዶ፣ በቴስተር ተረጋግጦ አሮጌው ወረደ። 220 ቮልት ስትሪፕን ቆርጦ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ መተው በብዙ ቤት ያጋጥማል፤ ያ ጫፍ የሶኬት ያህል ይገድላል።

አዲሱን ስትሪፕ በጀርባው ባለው ማጣበቂያ ጂፕሰም ላይ መለጠፍ አያዋጣም። ጂፕሰም ዱቄት ይተፋል፣ ስትሪፑ ይሞቃል፣ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ይንጠለጠላል። ፕሮፋይሉን በብሎን ማሰር፣ ስትሪፑን ፕሮፋይሉ ላይ መለጠፍ ነው መፍትሔው። አልሙኒየሙ ሙቀቱንም ይወስዳል።

አቀማመጡ ስሜቱን ከቀለሙ እኩል ይወስናል። ስትሪፑ ከጣሪያው ቢያንስ 12 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳና ወደ ጣሪያ አዙሮ መተኛት አለበት። ከቀረበ ነጠብጣቡ ጣሪያው ላይ ተራ በተራ ይታያል። የኮርኒሱ ከንፈር ደግሞ ከሶፋ ቀና የሚል ሰው አምፖሎቹን እንዳያይ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ እዚህ ቤት 4 ሳንቲሜትር የጂፕሰም ጠርዝ ተጨመረ። በተለይ ሰማያዊ በቀጥታ ሲታይ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም የሬቲና እምብርት ላይ ሰማያዊ ተቀባይ ሕዋስ የለም ማለት ይቻላል፤ ዓይን ለማጥራት እየታገለ ይደክማል።

ጥግ ላይ ስትሪፕን ወደ ጎን ማጠፍ የመዳብ መስመሩን ይሰብረዋል። ምልክቱ ላይ ተቆርጦ በአምስት አጫጭር ሽቦዎች ሶልደር ይደረጋል። ጠቅ የሚሉት ፕላስቲክ ኮኔክተሮች ለሙከራ ጥሩ ናቸው፤ ጣሪያ ውስጥ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ቀለም መብራት ያቆማል፣ መንስኤውን ለማግኘትም ጂፕሰም መክፈት ይመጣል።

መስመሩ ሁለት ባለ 5 ሜትር ሆነና እያንዳንዱ ከሁለቱም ጫፍ ኃይል ተሰጠው። ከአንድ ጫፍ ብቻ ሲሰጥ ሩቁ ጫፍ ላይ ቮልቱ ይወርዳል። ቀይ ኤልኢዲ ለመብራት 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደክሙት እነሱ ናቸው፤ ድብልቅ ቀለሙ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲሄድ እየቀላ ይሄዳል።

ሰኞ፦ መቆጣጠሪያው

ሱቅ ውስጥ አይአርኤልዜድ44ኤን ሲጠየቅ አይአርኤፍዜድ44ኤን ይሰጣል፤ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፣ በሥራ ግን በጣም። ሁለተኛው በደንብ ለመከፈት 10 ቮልት ይፈልጋል። ኢኤስፒ32 የሚያወጣው 3.3 ቮልት ነው፤ በዚያ ግማሽ ተከፍቶ ይቀራል፣ ይግላል፣ ብርሃኑም ይደክማል። የመጀመሪያው በ5 ቮልት ሙሉ ይከፈታል፤ 74ኤችሲቲ125 3.3ቱን ወደ 5 የሚያደርስለት ለዚህ ነው። በአንድ ቀለም 2 አምፔር ሲያልፍ ሙቀቱ ለእጅ አይታወቅም፣ ማቀዝቀዣ አይሻም።

በሞስፌቱ በር (ጌት የሚባለው፣ ትእዛዝ የሚቀበልበት እግር) ላይ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ከ74ኤችሲቲ125 መግቢያ ወደ ኔጋቲቭ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም። ሁለተኛው ሬዚስተር ያለ እሱም ይሠራል እየተባለ ይዘለላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ቦርዱ እስኪነሳ ድረስ መግቢያው ማንም ሳይዘው ይንሳፈፋል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሳሎኑ በሙሉ ነጭና ሰማያዊ ቦግ ይላል። 10 ኪሎ ኦሙ ካለ ጨለማው ይቆያል።

የመብራት መቆራረጥ ሌላም ይጠይቃል። ቦርዱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚወስድ ከሆነ፣ ኔትወርክ ሳይኖር ሲነሳ ሰዓቱ ዜሮ ነው፤ የእራት ብርሃን እኩለ ሌሊት ላይ ይበራል። ዲኤስ3231 በራሱ ባትሪ ሰዓቱን ይይዛል። ሰዓቱ በምንም ምክንያት ካልተነበበ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚመርጠው በጣም ደብዛዛውን ብርቱካናማ ነው፤ ሲሳሳት እንኳ ወደ እንቅልፍ በኩል ይሳሳት።

ሞስፌቶቹ ብርሃኑን የሚያደበዝዙት በጣም ቶሎ ቶሎ በማብራትና በማጥፋት ነው። የማብሪያ ማጥፊያ ድግግሞሹ 4,000 ኸርዝ (በሰከንድ 4,000 ጊዜ)፣ የድምቀት እርከኑ 12 ቢት (4,096 ደረጃ) ሆነ። አርዱዊኖ የሚባለው የተለመደ ቦርድ ካልተቀየረ የሚሠራበት 490 ኸርዝ በዚህ ክፍል አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ፣ አይትሪፕልኢ 1789፣ ሙሉ በሙሉ በርቶ ለሚጠፋ ብርሃን ዝቅተኛ ስጋት የሚለው ከ1,250 ኸርዝ ወዲያ ያለውን፣ ምንም ተጽዕኖ አይኖረውም የሚለው ደግሞ ከ3,000 ወዲያ ያለውን ነው። እርሳሱ አሁን ወጥ ጥላ ሆነ። 12 ቢት የሚያስፈልገው ለታችኛው ጫፍ ነው፤ በ8 ቢት (256 ደረጃ) ከ1 ወደ 2 መሄድ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል፣ ዓይንም ዝላዩን ያያል።

ማክሰኞ ማታ፦ ትዕይንቶቹ

አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 12፡50 ባለው ውስጥ ስለሆነ ቋሚ ሰሌዳ ይበቃል። ስቶክሆልም ለሚኖር አንባቢ ግን አይሠራም፤ እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ ገና ከ9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፣ በሰኔ ከ4 ሰዓት ማታ በኋላ፤ ሰሌዳው የፀሐይን መጥለቂያ ማስላት አለበት። የክረምት ድብርት ያለበት ሰው ደግሞ ከዚህ ዓይነት ስትሪፕ መፍትሔ አይጠብቅ፤ ለዚያ የሚታወቀው በሐኪም ምክር ጠዋት ጠዋት 10,000 ሉክስ ነጭ ብርሃን ፊት ለ30 ደቂቃ መቀመጥ ነው።

ከ12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ የእራት ሰዓት፦ ተንጠልጣዩ በርቶ የኮርኒሱ ነጭ 60 በመቶ። ዓይን ጋ 60 ሉክስ፣ በሌላኛው ሚዛን ወደ 25። ከ10 እንደሚበልጥ እናውቃለን። ሰው ተያይቶ በሚበላበትና ልጅ በሚያጠናበት ሰዓት ግን ከዚህ በታች ማውረድ ክፍሉን ያዳፍነዋል፤ እዚህ ላይ ለፊትና ለምግብ ወግነናል።

ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4፦ ተንጠልጣዩ ጠፍቶ ነጩ 18 በመቶ፣ ቀዩ 12፣ አረንጓዴው 3። ቀዩ አራት እጅ፣ አረንጓዴው አንድ እጅ ሲሆን የሻማ ዓይነት ብርቱካናማ ይወጣል፤ ስትሪፕ ከስትሪፕ ስለሚለያይ የመጨረሻው ማስተካከያ በዓይን ነው። ዓይን ጋ 18 ሉክስ፣ ከወሰኑ በታች።

ከ4 በኋላ፦ ቀይና ጥቂት አረንጓዴ ብቻ፣ 3 በመቶ። ለመተላለፊያ።

ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው 10 ደቂቃ ይፈጃል። በድንገት ሲቀየር ሁሉም ቀና ብሎ ያያል፣ የተያዘው ጨዋታም ይቋረጣል።

ለእንግዳና ለበዓል አንድ የቀለም ትዕይንት ቀርቷል፤ ኮርኒሱ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ተንጠልጣዩ ሁልጊዜ አብሮ ይበራል። ከሱቅ ሪሞቶች ጋር የሚመጣው የብልጭታ ሁነታ ፕሮግራሙ ውስጥ ጨርሶ አልተጻፈም። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ የሚበልጭ ብርሃን፣ በተለይ ቀይ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል፤ እንግዳ መካከል ማን እንዳለ አይታወቅም።

ቀጣዩ ሳምንት፦ ሰው ምን አለ

ስሜት ሲጠየቅ ዋናው ወጥመድ ድምቀት ነው። ቀይ 10 ሉክስን ከነጭ 100 ሉክስ ጋር አነጻጽሮ ቀይ ያረጋጋል ማለት ስህተት ነው፤ ያረጋጋው ድንግዝግዙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚነጻጸሩት ሁሉ ዓይን ጋ እኩል 15 ሉክስ እንዲሆኑ ተደረገ። ሰዎቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ዓይናቸው ከቀለሙ ጋር ሲላመድ፣ በየግላቸው ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 7 ይሰጣሉ፦ ምን ያህል ነቅተሃል፣ ምን ያህል ዘና ብለሃል፣ እዚህ ክፍል ሌላ አንድ ሰዓት ብትቀመጥ ደስ ይልሃል? ጮክ ብሎ መጠየቅ አይሆንም፤ እትዬ ጥሩ ነው ካሉ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል።

ብርቱካናማው በሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ በለጠ፤ ሰማያዊው በመጀመሪያው። ይህ ከሰውነት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ያልተጠበቀው የሐምራዊው ነው፦ በመጀመሪያው ምሽት ከፍተኛ ነጥብ አገኘ፣ ሲደጋገም ግን ወረደ። አዲስነት ያመጣው ደስታ ነበር ብለን እንወስደዋለን፤ አንድ ምሽት አይቶ ቀለም የሚመርጥ ሰው ይህን ቢያስብበት ይሻላል። ከሐምራዊው ወጥቶ ነጭ ብርሃን ወዳለው ኮሪደር የሚገባ ሰው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ግድግዳውን አረንጓዴ አድርጎ ያየዋል፤ ዓይን ሐምራዊውን ለመቀነስ ተስተካክሎ ስለነበር ነው፣ አያሳስብም።

የቀይ ብቻ ሙከራ ቶሎ ተቋረጠ። አንዱ ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ገልጦ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያረመው ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። በቀይ ብርሃን ነጩ ወረቀትም ቀይ ቀለሙም እኩል ቀይ ይመልሳሉ፣ የሚለያቸው የለም። ቡና ሲቆላም ተመሳሳይ ችግር መጣ፤ ፍሬው ቡናማ ላይ ይሁን ወደ ጥቁር ተሻግሮ መለየት አልተቻለም፣ በጠረኑና በድምፁ ብቻ ሆነ። አሁን ረከቦት የሚቀመጥበት ጥግ ላይ ትንሽ 2700 ኬልቪን ስፖት ወደ ታች ዞሮ ገብቷል፤ የብረት ምጣዱንና የጀበናውን አካባቢ ብቻ ያበራል፣ የተቀረው ክፍል በብርቱካናማው ይቆያል። በወረቀቶቹ ላይ ከፍተኛውን የመቀመጥ ነጥብ ያገኘው ይህ ጥምረት ነው።

የቀረ ሥራ

በ3 በመቶው የሌሊት ትዕይንት የዲኮደሩና የቲቪው ሰማያዊ መብራት ከሚገባው በላይ ጎልቶ ታየ። ብርሃን ሲያንስ ዓይን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል፣ ቀይ ይጨልምበታል፤ ቀን የማትታወቀው ነጥብ ሌሊት ክፍሉን ትመራለች። በጥቁር ቴፕ ተሸፈኑ። የኮሪደሩ 6500 ኬልቪን አምፖል ገና አልተቀየረም፤ እሱ እስካለ ድረስ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ የሚነሳ ሰው የሳሎኑን ትርፍ በሁለት እርምጃ ያጣዋል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ግዢ ለእሱ 1 ዋት ብርቱካናማ አምፖልና እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ነው፤ ከወለል 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ።